ማዕድን ስንል የቱን ማለታችን ነው?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የተገዛ አንድ ኪሎ ጨው ሦስት ባለሙያዎች ፊት ቢቀመጥ ሦስቱም «ይሄማ ማዕድን ነው» ይላሉ። የሚሉት ግን አንድ ነገር አይደለም። የሥነ ምድር ባለሙያው የሚያየው ሃላይት የሚባለውን፣ እንደ ሳጥን ስድስት ፊት ያለውን ክሪስታል ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሶዲየሙንና የተጨመረበትን አዮዲን ትቆጥራለች። የሕግ ሰው ደግሞ ማን ቆፈረው፣ በምን ፈቃድ አወጣው ብሎ ይጠይቃል።

ጨው ዕድለኛ ነው፣ ሦስቱም ትርጉም ልክክ ይልለታል። ሌላው ነገር እንዲህ አይገራም። የጭልጋ ከሰል በሕግ ዓይን ማዕድን ነው፣ በሳይንሱ ግን አይደለም። የጤፍ ብረት በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ማዕድን ተብሎ ይጻፋል፣ ከዚያ ውስጥ ለደም የሚሆነው ግን ጥቂቱ ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው አንዱን ትርጉም ይዘን ሌላኛውን ስንሰማ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ መፍታት ይሻላል።

ቃሉ ከየት መጣ

«ማዕድን» በግእዝም በአማርኛም የቆየ ቃል ነው። የሴም ቋንቋዎችን ሥር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዐረብኛው «መዕዲን» ጋር ያያይዙታል። የዐረብኛው ግሥ «ዐደነ» ነው፤ በአንድ ቦታ ሰፈረ፣ ኖረ፣ አልተነቃነቀም እንደ ማለት። ቃሉ የተሠራው የቦታ ስም በሚሠራበት መንገድ ነው። እኛ ጋ «ቀደሰ» ብሎ «መቅደስ»፣ «ዐረበ» ብሎ «ምዕራብ» እንደሚባለው፣ እዚያም «ዐደነ» ብሎ «መዕዲን»፦ አንድ ነገር ተቀምጦ የሚኖርበት ስፍራ። እንግዲህ ማዕድን መጀመሪያ የቦታ ስም ነበር ማለት ነው፣ የወርቅ ቤት፣ የብረት ቤት። ቀስ በቀስ ቤቱ ቀርቶ ነዋሪው በዚያ ስም ተጠራ።

ይህ ድርብነት ዛሬም አልጠፋም። «የወርቅ ማዕድን ተገኘ» የሚል ዜና ሲነበብ የተገኘው የወርቅ ክምችት ያለበት መሬት ነው ወይስ ወርቁ ራሱ? ዓረፍተ ነገሩ አይነግረንም። ለቦታው «ማዕድን ማውጫ»፣ ገና ላልነጠረው ድንጋይ «ጥሬ ማዕድን» ብሎ መጻፍ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

እግረ መንገዳችንን «ማዕድ» የሚለውንም እንይ። መልኩ ቢመሳሰልም የ«ማዕድን» ዘመድ አይደለም። የምግብ ገበታው በግእዝ በአልፋው አ «ማእድ» ነው፤ ዐይኑ ዐ በኋላ የገባ ልማድ ነው። ብዙ ሊቃውንት ደግሞ የዐረብኛው «ማኢዳ»፣ የቁርኣን አምስተኛው ሱራ ስም የሆነው ቃል፣ ከግእዝ ወደዚያ የተሻገረ ነው ይላሉ። ስለዚህ ማዕዱ ቀይ ባሕርን ወደዚያ ሲሻገር ማዕድኑ ወደዚህ መጥቷል።

የአውሮፓው «ሚኒራል» ሌላ ግንድ ነው፣ መነሻው ግን ይገጥማል። በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ሚኔራ» ጥሬ ማዕድን ወይም የሚቆፈርበት ጉድጓድ ነበር፤ «ሚኔራሌ» ደግሞ ከዚያ የሚወጣው። ከኋላው ያለው «ሚን» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ከኬልቶች ቋንቋ ሳይመጣ አይቀርም፤ በአየርላንድና በዌልስ ቋንቋዎች ለጥሬ ማዕድን የሚውሉ ተመሳሳይ ቃላት አሉ። (ከ«ሚኒስቴር» ጋር ግን ዝምድና የለውም። ያኛው ከላቲኑ «ሚኒስተር»፣ ከአገልጋይ፣ የመጣ ነው።)

ቃሉን የዘረጋው አንድ የቆየ አመዳደብ ነው። የጥንት ሊቃውንት ተፈጥሮን በሦስት ይከፍሉ ነበር፦ እንስሳ፣ ዕፅዋት፣ ማዕድን። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1735 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ክፍፍል በመጽሐፍ አጸናው። ከዚያ ወዲህ ነፍስ ካለው ነገር ያልመጣ ሁሉ በአንድ ከረጢት ገባ። የማዕድን ውሃ፣ የማዕድን ዘይት፣ የማዕድን አሲድ፣ በምግብ ውስጥ ያሉ ማዕድናት፣ ሁሉም የዚያ ከረጢት ልጆች ናቸው። የእኛ ተርጓሚዎች «ሚኒራል»ን «ማዕድን» ሲሉት ከረጢቱን እንዳለ ነው የተረከብነው።

የሥነ ምድሩ ማዕድን

እዚህ ትርጉሙ ጠባብ ነው። አንድ ነገር ማዕድን ለመባል በተፈጥሮ ሂደት ከመሬት የተገኘ፣ ጠጣር፣ ኬሚካላዊ ቅንብሩ የታወቀ፣ አቶሞቹ በሥርዓት የተደረደሩ መሆን አለበት። እስካሁን ይህን አልፈው ስም የተሰጣቸው ከ6000 በላይ ናቸው። መዝገቡን የሚጠብቀው በ1958 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሚኒራሎጂ ማኅበር ነው።

አለትና ማዕድን ይምታታሉ። አለት እንደ በርበሬ ነው፤ ማዕድን ደግሞ በርበሬው ውስጥ እንዳለው ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ። በጎንደር ዙሪያ የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ተራሮችን ጨምሮ አገሩን ከሸፈነው እሳተ ገሞራ የመጣ ሲሆን በውስጡ በዋናነት ፕላጂዮክሌዝ፣ ፓይሮክሲንና ኦሊቪን የሚባሉ ማዕድናት አሉ። ደቃቅ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። «ባዛልት» የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ሮማዊው ፕሊኒ ግብፆች «በኢትዮጵያ» ያገኙት፣ በመልኩም በጥንካሬውም ብረት የሚመስል ድንጋይ እንዳለ ጽፎ ነበር። «ባሳኒቴስ» የሚለው ስሙ በገልባጮች እጅ ተበላሽቶ «ባሳልቴስ» ሆነና እንደዚያው ቀረ። የፕሊኒ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሰፊ አገር ነው እንጂ ጎንደር አይደለም፤ ስህተቱ ግን ዛሬም የድንጋያችን ስም ነው።

ባዛልቱ ሲበርድ ጋዝ የተወው ቀዳዳ ይኖረዋል። በኋላ ሙቅ ውሃ በቀዳዳው ሲያልፍ ነጭ ወይም ግራጫ ማዕድን ሞልቶት ይሄዳል። ጥቁር ድንጋይ ተፈልጦ ነጭ ጠብታ የተረጨበት ሲመስል ያየነው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ካልሳይት፣ ዚዮላይት ወይም ካልሰዶኒ። ያለ ላብራቶሪ እንዲህ ይለያል።

መጀመሪያ ድንጋዩን ፈልጦ አዲስ ፊት ማውጣት። ፀሐይና ዝናብ ያበላሸው ቆዳ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ በእሱ ላይ የተሞከረ ነገር ያሳስታል። ሲፈለጥ ዓይን ይሸፈን፣ የባዛልት ፍንጣሪ እንደ መስታወት ይቆርጣል። ከዚያ በብረት ምስማር መጫር። ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚደርስ የጥንካሬ መለኪያ ጥፍር 2.5፣ ምስማር 4.5 ገደማ፣ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ነው። ካልሳይት 3 ስለሆነ ምስማሩ በቀላሉ ይጭረዋል። ካልሰዶኒ ወደ 7 ይጠጋል፤ ምስማሩ አይነካውም፣ እንዲያውም እሱ መስታወቱን ይጭራል። ዚዮላይት በመካከል ነው፣ ከ3.5 እስከ 5.5። የተጫረውን መስመር በረጠበ ጣት ማበስ አይረሳ። ከጠፋ ድንጋዩ አልተጫረም፤ የታየው የምስማሩ ዱቄት ነው። በዚህች ብቻ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

በመጨረሻ ከነጩ ጥቂት ፈጭቶ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ማንጠብጠብ። ካልሳይት አረፋ ያወጣል። ሳይፈጩ ከሞከሩት አቼቶ ደካማ ስለሆነ ምንም ላያሳይ ይችላል። ዚዮላይት አይፈላም፣ ይልቁንስ በእሳት ሲሞቅ በውስጡ የያዘው ውሃ እየወጣ የሚንተከተክ ይመስላል። ስሙም ከዚያ መጣ፤ ስዊድናዊው ክሮንስቴት በ1756 እ.ኤ.አ. በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» ብሎ ሰየመው።

ከዚህ ትርጉም ውጭ የሚቀሩት ሰውን ያስገርማሉ። ባልጩት መስታወት ነው፣ አቶሞቹ አልተደረደሩም፤ ማዕድን አይባልም። በወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓልም እንዲሁ፣ «ማዕድን መሰል» ነው የሚባለው። ሲሊካና ውሃ ነው። የወሎው ኦፓል ውሃ የመምጠጥ ጠባይ ስላለው ሲነከር ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ቀለም ወይም ዘይት ውስጥ የገባ እንደሆነ ግን ያንን ይዞ ይቀራል። ሲሚንቶ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ወጣ። በራስ ደጀን ላይ የሚጋገረው በረዶ ግን ሁሉንም መስፈርት ያሟላል፤ እስኪቀልጥ ድረስ ማዕድን ነው። ከፍሪጅ የወጣው በረዶ ያው ውሃ ሆኖ ሳለ አይደለም።

የዚህ መስፈርት አስቸጋሪነት ከሁሉ የሚታየው በኖራ ላይ ነው። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች ባዛልት ናቸው፣ ያያያዛቸው ግን ኖራ ነው። ኖራ የሚጀምረው ከካልሳይት ድንጋይ ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሲቃጠል 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፣ 56 ኪሎ ያልበረደ ኖራ ይቀራል። ይህ በሰው እጅ የተሠራ ነው፣ ማዕድን አይደለም። 18 ኪሎ ውሃ ጠጥቶ 74 ኪሎ የበረደ ኖራ ይሆናል። (በተግባር ከዚህ በጣም የሚበልጥ ውሃ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሲፈላ ይተናል። ሁልጊዜ ኖራውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አይጨምሩ፤ ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል።) ከዚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ ግንቡ ውስጥ ሲገባ የሄደውን ጋዝ ቀስ እያለ ከአየር ይመልሳል፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ካልሳይት ነው። ከተራራው ካልሳይት በአቶም ደረጃ አይለይም፣ ግን ግንበኛ የሠራው ስለሆነ መዝገቡ አይቀበለውም። ለእኛ ይህ የትርጉሙ ድክመት እንጂ የኖራው አይደለም።

ኖራው ጋዙን የሚመልሰው እርጥበት ሲኖር ነው። በበጋ ፀሐይ ቶሎ የደረቀ ልስን ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ያለበት ለዚህ ነው። በአሮጌ የኖራ ግንብ ላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሲሚንቶ ውሃ አያስተነፍስም። እርጥበቱ ከኋላው ይታፈናል፣ የሟሟው ጨው በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ያብጣል፣ ድንጋዩ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሳል። በፋሲል ግቢ በ20ኛው መቶ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና በኋላ በኖራ እንዲተካ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የምግቡ ማዕድን

ሐኪም «ማዕድናት ያንስሻል» ሲል ድንጋይ ማለቱ አይደለም፤ ብረት፣ ካልሲየም፣ ዚንክ፣ አዮዲን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ማለቱ ነው። ለምን «ማዕድን» ተባሉ? መልሱ አመድ ነው። የምግብ ላብራቶሪ ናሙናውን በ550 ዲግሪ ገደማ ያቃጥላል። ስታርቹ፣ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱ ሁሉ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ የማይቃጠለው አመድ ይቀራል። ከ100 ግራም ጤፍ ከ2 እስከ 3 ግራም ያህል። ዕፅዋትም እንስሳም ያልሆነው ክፍል ያ ነውና የሦስተኛው መደብ ስም ተሰጠው።

የሁለቱ ትርጉሞች መጋጨት ከሁሉ የሚያሳስተው በጤፍ ብረት ላይ ነው። ጤፍ አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ደቃቅ አፈር ይደባለቅበታል። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው ሄማታይትን በመሰሉ የብረት ማዕድናት ነው፤ ይህኛው የሥነ ምድሩ ማዕድን ነው። አመዱ ሲመረመር መሣሪያው የጤፉን ብረትና የአፈሩን ብረት አይለይም፣ ደምሮ ነው የሚያነበው። ሆድ ግን ይለያል። የአፈሩ ብረት በደንብ ስለማይሟሟ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ጤፍ እየተበላ የደም ማነስ መኖሩ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

የጤፉ የራሱ ብረትም ቢሆን ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ ነው ያለው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ እስሩ በከፊል ይፈታል፤ ሳይቦካ የተጋገረ ቂጣ ይህ ጥቅም የለውም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን መልሰው ያስራሉ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት መለየት ይበጃል። ቃሪያ ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ሲሆን ደግሞ ብረቱ በተሻለ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ከእንጀራው ጎን የምትቀርበው ቃሪያ ከማጣፈጥ ያለፈ ሥራ አላት።

አዮዲን በጣም ትንሽ ነው የሚፈለገው፣ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250። ሲጎድል እንቅርት ይመጣል፣ በማኅፀን ያለ ልጅ አእምሮም ይጎዳል። ሃላይት በተፈጥሮው አዮዲን የለውም ማለት ይቻላል፤ አሞሌም ምንም ያህል የተፈጥሮ ቢሆን የአዮዲን ምንጭ አይደለም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻው ይጨመር። ጨውን አጥቦ ማድረቅ አዮዲኑን አጥቦ ማፍሰስ ነው።

የጠርሙሱ ማዕድን

በሱቅ «ሃይላንድ» ሲባል ማንኛውም የታሸገ ውሃ፣ «አምቦ» ሲባል ጋዝ ያለው ሁሉ ይመጣል። መለያው ላይ የተጻፈውን ግን ማንበብ ያስፈልጋል። «የተጣራ ውሃ» ማለት ከየትም የተቀዳ ሊሆን የሚችል፣ በማጣሪያ አልፎ ማዕድኑ የወጣለት፣ አንዳንዴም እንደገና የተጨመረበት ነው። «የተፈጥሮ ማዕድን ውሃ» ግን ከከርሰ ምድር ምንጭ የተቀዳ፣ ቅንብሩ ያልተለወጠ፣ ምንጩ አጠገብ የታሸገ መሆን አለበት። በመለያው ላይ «ጠቅላላ የሟሟ ንጥረ ነገር» በሊትር በሚሊግራም ይጻፋል። በአውሮፓ አመዳደብ ከ50 በታች በጣም ዝቅተኛ፣ እስከ 500 ዝቅተኛ፣ ከ1500 በላይ በማዕድን የበለጸገ ነው። ጨው እንዲቀንስ የተነገረው ሰው ከጠቅላላው ይልቅ የሶዲየሙን መስመር ይመልከት።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው፣ ልብ ካልን፣ ጠጣር ስላልሆነ በሥነ ምድሩ ትርጉም ገና ማዕድን አይደለም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ግን ይሆናል ለማለት ይቃረባል። ጠንካራ ውሃ ሲፈላ የሟሟው ካልሲየም ነጭ ቅርፊት ሆኖ ከታች ይጋገራል፤ ያ ካልሳይት ነው። በአቼቶ አፍልቶ ማስለቀቅ የሚቻለውም ድንጋዩን አረፋ ባስወጣው ምክንያት ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ የሟሟ ነገር ሁሉ አያወጣም። ፍሎራይድ ለምሳሌ፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ የሚገኘው፣ ውሃው በተነነ ቁጥር ይበልጥ ይጠናል።

የሕጉ ማዕድን

እዚህ ትርጉሙ መልሶ ሰፊ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ስለ ክሪስታል አይጠይቅም። የግንባታ ድንጋይና አሸዋ በማዕድን ሕጉ ውስጥ «የኮንስትራክሽን ማዕድናት» ተብለው ይገኛሉ፤ ስለዚህ በይዞታው ላይ ጥሩ ጥቁር ድንጋይ ያገኘ ገበሬ ፈልጦ ለመሸጥ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከጎንደር በስተምዕራብ ያለው ጭልጋ ይህን ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ያሳያል። ከሰሉ ከጥንት ዕፅዋት የመጣ፣ ቋሚ ቅንብር የሌለው ስለሆነ ለሥነ ምድሩ ሰው አለት እንጂ ማዕድን አይደለም፣ ለሕጉ ግን ማዕድን ነው። በንብርብሩ መካከል ያለው ሸክላ አፈር የተሠራባቸው የሸክላ ማዕድናት ግን በሥነ ምድሩም ዓይን ማዕድን ናቸው። በዚያው አካባቢ ደግሞ ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የጥንት ዝሆን ዘመዶች ጥርሶች ተገኝተዋል። ጥርስ አፓታይት ከሚባል ማዕድን ዓይነት የተሠራ ነው፤ ሕጉ ዘንድ ሲደርስ ግን ቅርስ ነው፣ ፈቃዱም የሚጠየቀው ከማዕድን መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከቅርስ ባለሥልጣን ነው።